የጥቅምት ውርጭና የገብስ ዕድሜ
በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ሰብሎች ላይ የቀረበ የሕዝብ ትምህርት ንግግር



የጉና ተራራ ራስ ከባሕር ጠለል በላይ ከ4,100 ሜትር ይበልጣል። ከዚያ ተነሥቶ በንፋስ መውጫ በኩል ወደ ታች ጋይንት፣ ከዚያም ወደ ስማዳ የሚወርድ ሰው አስታውንና ጅብራውን ትቶ መጀመሪያ በገብስ ማሳ ያልፋል። ቀጥሎ ስንዴና ባቄላ፣ ከዚያ ጤፍ ይመጣል፤ ወደ በሽሎ ቆላ ሲጠጋ ማሽላ ያገኛል። በደቡብ በኩል ወደ እስቴ፣ ወደ መካነ ኢየሱስ የሚወርደውም የሚያየው ይህንኑ ነው። አየሩ በየ100 ሜትር ከፍታ በአማካይ 0.6 ዲግሪ ሴልሺየስ ያህል ስለሚቀዘቅዝ፣ በዚህ ጠባብ አገር ውስጥ ከላይኛው ጫፍ እስከ ታችኛው ቆላ ከ15 ዲግሪ በላይ ልዩነት አለ።

ሆኖም የእኛ ብርድ እንደ ፈረንጅ አገር ብርድ አይደለም። እዚያ ብርዱ ወቅት አለው፤ ወራት ይቆያል፣ ወራት ይጠፋል። የምሥራቅ አፍሪካን ከፍተኛ ተራሮች ዕፅዋት ያጠናው ስዊድናዊው ኦሎቭ ሄድበርግ ያስተዋለው ነገር አለ፤ በእነዚህ ተራሮች ላይ ሞቃቱ ወቅት በየቀኑ፣ ቀዝቃዛው ወቅት በየሌሊቱ ይፈራረቃሉ። ከእነዚህ ተራሮች ታላላቅ ሎቤሊያዎች መካከል ሌሊት ቅጠላቸውን ወደ ውስጥ ሰብስበው እምቡጣቸውን የሚሸፍኑ፣ ጠዋት ደግሞ የሚከፍቱ አሉ። ጅብራም የዚሁ ዘመድ ነው። ገብስ ግን ይህን አያውቅም።

ስለ ብርድ ስናወራ ብዙ ጊዜ የምንጠይቀው «ስንት ዲግሪ ወረደ?» ብለን ነው። እኔ ሌላ ጥያቄ አስቀድማለሁ፦ ብርዱ ሲመጣ ሰብሉ በምን ዕድሜ ላይ ነበር? ቡቃያ ነበር ወይስ አብቦ? ማሳው ያው፣ ዘሩም ያው ሆኖ፣ ገብስ በቡቃያነቱ በደኅና የሚያልፈውን ሌሊት በአበባው ጊዜ አያልፈውም። ምክንያቱ እየጠራ የመጣው የሕዋሱ የውስጥ ሥራ በሞለኪውል ደረጃ መመርመር ከጀመረ ወዲህ ነው፤ ይህም የአንድ ትውልድ ዕድሜ ያህል ነው። ወደዚያ ከመግባታችን በፊት ግን ውርጩ ራሱ ከየት እንደሚመጣ እንይ።

መሬት ቀን ከፀሐይ የወሰደችውን ሙቀት ሌሊት ወደ ሰማይ ትለቃለች። በክረምት ደመናው ከዚያ ሙቀት ብዙውን መልሶ ወደ መሬት ስለሚልክ ነሐሴ ቢበርድም ውርጭ እምብዛም አይጥልም። መስከረም አልፎ ሰማዩ ሲጠራ፣ አየሩ ሲደርቅ፣ ነፋሱም ሲያርፍ ግን ሙቀቱ የሚያግደው ያጣል። በዚያ ላይ 3,000 ሜትር ከፍታ ላይ ከራሳችን በላይ ያለው አየር ባሕር ጠረፍ ላይ ካለው 70 በመቶ ያህል ብቻ ነው፤ በበጋ ያለው እርጥበትም ጥቂት ነው። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ የደጋ ሌሊት የሚያስፈራው ለዚህ ነው። «በጥቅምት አንድ አጥንት» ያሉት አባቶች ለሰው ገላ አስበው ነው፤ ለቡቃያ አጥንት የሚያቀርብለት የለም።

ቅጠል ቀጭን ነው፤ ለሰማዩም የተጋለጠ ነው። ስለዚህ ከአየሩ ቀድሞ ይቀዘቅዛል። የአየር ጠባይ ጣቢያ ቴርሞሜትር የሚቀመጠው ከመሬት እስከ 2 ሜትር ከፍ ብሎ በነጭ ሣጥን ውስጥ ነው። ያ ቴርሞሜትር 2 ዲግሪ ሲያሳይ ከሥሩ ያለው የድንች ቅጠል ከዜሮ በታች ወርዶ ሊሆን ይችላል። በመዝገብ ውርጭ ያልተጻፈበት ሌሊት በማሳ ላይ አመዳዩ ነጭ ሆኖ የሚታየው በዚህ ምክንያት ነው። ቀዝቃዛ አየር ከባድ በመሆኑ ደግሞ ተዳፋቱን ተከትሎ ወርዶ ረባዳው ላይ ይተኛል፤ በአንድ ጎጥ ውስጥ የላዩ ማሳ ተርፎ የታቹ ሜዳ ይመታል። ይህን ለጋይንት ገበሬ ማስተማር ለቀባሪው እንደ ማርዳት ነው።

በነገራችን ላይ፣ በማሳ ዳር ጭስ ማጨስን የሚመክሩ ሰዎች አሉ። የጭስ ብናኝ መሬት የምትለቀውን የሙቀት ጨረር ለማገድ እጅግ ደቃቅ ስለሆነ የሚፈይደው የለም ማለት ይቻላል። የእሳቱ ሙቀት ጥቂት ይረዳል። ውኃ ለሚገኝበት ማሳ ግን ውርጭ ከተፈራበት ሌሊት በፊት ማጠጣት ይሻላል፤ እርጥብ አፈር ቀን ብዙ ሙቀት ይይዛል፣ ሌሊትም ወደ ሰብሉ ይመልሳል።

አሁን ወደ ቅጠሉ ውስጥ እንግባ። ቅጠል ውስጥ ውኃው በሁለት ቦታ ይገኛል፦ በሕዋሶቹ ውስጥና በሕዋሶቹ መካከል ባለው ክፍተት። በውስጥ ያለው ስኳርና ጨው ስላለበት በዜሮ አይረጋም፤ በመካከል ያለው ቀጭን ውኃ ግን ይቀድመዋል። ውኃ ዜሮ ስለ ደረሰ ብቻ በረዶ እንደማይሆን ልብ በሉ። በጣም የጠራ ውኃ እስከ 38 ዲግሪ ከዜሮ በታች ድረስ ሳይረጋ ሊወርድ ይችላል። በረዶ እንዲጀምር ሞለኪውሎቹን አሰልፎ የሚያስይዝ መነሻ ያስፈልጋል።

ከእነዚህ መነሻዎች ዋነኛው በዓይን የማይታይ ባክቴሪያ ነው። ፕሲዩዶሞናስ ሲሪንጌ ይባላል፤ በቅጠል ላይ ይኖራል። በላዩ ላይ የሚሠራው ፕሮቲን የውኃ ሞለኪውሎችን በበረዶ ቅርጽ ስለሚያሰልፍ ውኃው ከዜሮ በታች 2 ዲግሪ ገደማ ላይ ይረጋል። ባክቴሪያው ባይኖር ቅጠሉ ጥቂት ዲግሪዎች ዝቅ ብሎም ሳይረጋ ሊያድር ይችል ነበር። ስቲቨን ሊንዶውና ባልደረቦቹ ያንን ፕሮቲን የሚያሠራው ጂን የወጣለት ባክቴሪያ አዘጋጅተው እ.ኤ.አ. በ1987 በካሊፎርኒያ በድንች ማሳ ላይ ሞከሩት፤ በሌላ ማሳም በእንጆሪ ላይ ተሞከረ። ጂኑ የተለወጠ ሕያው ነገር በፈቃድ ሜዳ ላይ ሲለቀቅ ያ የመጀመሪያው ስለነበር የተነሣው ክርክር ከውርጩ በላይ ሆነ፤ ሥራውም ወደ ገበሬ ሳይደርስ ቀረ።

በረዶው በሕዋሶች መካከል ከጀመረ በኋላ የሚሆነው ብዙ ሰው ከሚያስበው የተለየ ነው። ሰው ሁሉ በረዶው እንደ መርፌ ወግቶ የሚገድል ይመስለዋል። ዋናው ገዳይ ድርቀት ነው። በረዶ ውኃን ወደ ራሱ ይስባል፤ ከሕዋሱ ውስጥ ያለው ውኃ በሽፋኑ አልፎ ወደ ውጭ ይወጣና በበረዶው ላይ ይደመራል። ሙቀቱ ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ ሲደርስ ሊወጣ ከሚችለው የሕዋስ ውኃ ከ90 በመቶ በላይ ይወጣል። ሕዋሱ ይጨማደዳል፤ በውስጡ የቀረው ጨው ይበረታል፤ ፕሮቲኖች ቅርጻቸውን ይስታሉ። ጠዋት ፀሐይ ወጥታ በረዶው ሲቀልጥና ውኃው ሲመለስ የተጎዳው ሽፋን ይፈነዳል። ውርጭ ያደረበት ድንች ማለዳ ላይ ቅጠሉ ረጥቦና ጠቁሮ፣ እኩለ ቀን ላይ ደግሞ ደርቆ የሚታየው ለዚህ ነው።

እንግዲህ ሁሉም ነገር በሕዋሱ ሽፋን ላይ ይወድቃል። ይህ ሽፋን የተሠራው ከቅባት ነው። ቅባት ደግሞ ሁለት ዓይነት ጠባይ አለው፤ ቤታችሁ ያለው ቅቤና የኑግ ዘይት በጥቅምት ጠዋት የሚያሳዩትን አስቡ። ቅቤው ይረጋል፣ ዘይቱ ይፈስሳል። ልዩነታቸው የቅባቱ ሰንሰለት ቀጥ ያለ ወይም የተጣመመ መሆኑ ነው። ቀጥ ያሉት ሰንሰለቶች ተጠጋግተው ስለሚደረደሩ ቶሎ ይረጋሉ፤ የታጠፉት አይገጣጠሙም፤ ስለዚህ ፈሳሽ ሆነው ይቆያሉ። ብርድ የሚችል ተክል ሲበርደው ሰንሰለቱን የሚያጥፉ ኤንዛይሞች ያሠራል፤ ሽፋኑ ወደ ዘይቱ ወገን ያዘነብላል። እ.ኤ.አ. በ1992 ጃፓናዊው ኖሪዮ ሙራታና ባልደረቦቹ የአንድን ኤንዛይም ጂን በትንባሆ ውስጥ በመለወጥ የቅባቱን ዓይነት ቀየሩ፤ የተክሉ ብርድ የመቻል አቅምም አብሮ ተለወጠ። ቅባቱ ተባባሪ ምልክት ብቻ ሳይሆን አንዱ ምክንያት መሆኑ ያን ጊዜ ተረጋገጠ።

ተክል ነርቭ የለውም፤ መብረዱን እንዴት ያውቃል? ለዚህ አንድ ቴርሞሜትር የለውም፤ ብዙ አለው። ሽፋኑ ሲጠጥር ራሱ ምልክት ነው፤ በላዩ ያሉ በሮች ይከፈታሉ፣ ካልሲየም በሰከንዶች ውስጥ ወደ ሕዋሱ ይገባል። በሩዝ ላይ እ.ኤ.አ. በ2015 የቻይና ተመራማሪዎች ኮልድ-1 ያሉትን፣ ብርድን ለይቶ ካልሲየሙን የሚያስገባ ፕሮቲን አገኙ። በ2016 ደግሞ ተክል ብርሃንን የሚያይበት ፋይቶክሮም ቢ የተባለው ፕሮቲን ሙቀትንም እንደሚለካ ታወቀ። ከዚያ መልእክቱ ከፕሮቲን ወደ ፕሮቲን ተላልፎ የጂኖቹ ማኅደር ዘንድ ይደርሳል።

እዚያ ሲደርስ የሚነሡት አለቆች ሲቢኤፍ የተባሉት ጂኖች ናቸው። እነዚህን በሚሺጋን ስቴት ዩኒቨርሲቲ የማይክል ቶማሾው ቡድን እ.ኤ.አ. በ1997 ይፋ አደረገ። ተክሉ ወደ 4 ዲግሪ ቅዝቃዜ በገባ በ15 ደቂቃ ውስጥ ሲቢኤፍ ይነሣል፤ ከጥቂት ሰዓት በኋላ ከሥሩ ያሉ ብዙ ጂኖች ሥራ ይጀምራሉ። ስኳር ይከማቻል፣ ፕሮሊን የተባለው አሚኖ አሲድ ይጨምራል፣ ሽፋን የሚጠብቁ ፕሮቲኖች ይሠራሉ፣ ቅባቱም ይለወጣል። በዓመቱ፣ በ1998፣ ቡድኑ ሲቢኤፍን ሳይበርደው የሚያሠራ ተክል አበቀለ፤ ያም ተክል ለብርድ ሳይዘጋጅ ውርጭ ቻለ። በጃፓን ካዙኮ ያማጉቺ-ሺኖዛኪና ካዙዎ ሺኖዛኪ በዚያው ሰሞን ድርቅን ሲያጠኑ እነዚሁኑ ጂኖች ድሬብ በሚል ስም አገኟቸው። ቀደም ብዬ ውርጭ ዋና ገዳዩ ድርቀት ነው ያልኩት እዚህ ላይ ይገጥማል፦ ተክሉ ለብርድና ለድርቅ የሚያነሣቸው ሠራተኞች በከፊል አንድ ናቸው።

ከዚህ የጥናት ዘመን ብዙ ሰው ትልቅ ተስፋ ይዞ ወጣ፦ ሲቢኤፍን አብዝቶ ገበሬን ከውርጭ መገላገል። ነገሩ እንዲህ አልቀለለም። ሲቢኤፍ ሁልጊዜ የሚሠራበት ተክል ድንክ ሆኖ ይቀራል፤ ዘግይቶም ያብባል። ሲቢኤፍ ጂበረሊን የተባለው የዕድገት ሆርሞን እንዲጠፋ ስለሚያደርግ ነው። ተክሉ ወይ ያድጋል ወይ ይከላከላል፤ ሁለቱን በሙሉ አቅም ባንድ ጊዜ አይችልም። ለዚህ ነው የተፈጥሮው ሥርዓት ሲቢኤፍን በብርድ ጊዜ ብቻ አንሥቶ ወዲያው የሚያወርደው።

ይህ ዝግጅት ጊዜ ይፈልጋል። አጃን የመሰለው ጠንካራው የአውሮፓ ሰብል፣ ራይ የሚባለው፣ ሳይዘጋጅ ውርጭ ቢመታው ከዜሮ በታች 5 ዲግሪ ላይ ይሞታል፤ ቅዝቃዜው ቀስ እያለ ሲመጣና ሲለምደው ግን እስከ 30 ዲግሪ ከዜሮ በታች ይኖራል። አንድ ተክል፣ አንድ ዘር፤ ልዩነቱ ሳምንታት የፈጀው መላመድ ነው። የአውሮፓው መጸው እነዚህን ሳምንታት ይሰጣል። የጉና ግርጌ ግን ቀን 20 ዲግሪ አካባቢ፣ ሌሊት ዜሮ ላይ የሚውልና የሚያድር አገር ነው። ተክሉ ሌሊት የጀመረውን መላመድ በቀን ሙቀት እየተወ ይውላል። ጨርሶ አይላመድም ማለቴ አይደለም፤ የጋይንት ገብስ ቡቃያ በቀዝቃዛ ሌሊቶች የሚያገኘው ዝግጅት አለ። ለዚያም ነው ቡቃያው የሚተርፈው። በተጨማሪ ገብስ አገዳ እስኪያወጣ ድረስ የማደጊያው ነጥብ ከአፈር በታች ነው። ቅጠሉ ቢቃጠል እንኳ ከሥር ሌላ ይልካል።

አገዳው ተነሥቶ ዛላው ሲወጣ ግን ሁለት ነገር አብሮ ይለወጣል። አንደኛው ሁሉም የሚያየው ነው፦ ማደጊያው ነጥብ ከአፈሩ ወጥቶ ለሰማዩ ይጋለጣል። ሁለተኛው በዓይን አይታይም። ገብስና ስንዴ መቼ እንደሚያብቡ የሚወስኑ ጂኖች አሉ፤ ከነሱ አንዱ ቪአርኤን-1 ነው። ይህን በስንዴ ውስጥ ያገኘው ትውልደ አርጀንቲናዊው ሆርሄ ዱብኮቭስኪ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ዴቪስ የሚመራው ቡድን ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2003 ይፋ ሆነ። በአውሮፓ በመጸው የሚዘራ ገብስ ረጅም ብርድ እስኪያልፍበት ቪአርኤን-1 ተኝቶ ይቆያል፤ ተክሉም አያብብም። ቪአርኤን-1 ተነሥቶ ወደ አበባ ሲመራው ግን የሲቢኤፍን ሥራ ያዳክማል። ተክሉ መከላከያውን አውርዶ ወደ መውለድ ዞረ ማለት ነው። በዚያ አገር ይህ ትክክለኛ ስሌት ነው፤ አበባው ሲመጣ ውርጩ አልፏልና።

የእኛ ገብስ በአብዛኛው ብርድ ሳይጠብቅ የሚያብብ ነው። በጂኑ ላይ በደረሰ ለውጥ ቪአርኤን-1 ከመጀመሪያው ንቁ ሆኖ ይወለዳል። በዚህ አገር ግን አበባው ሲመጣ ውርጩ አላለፈም፤ ገና መምጣቱ ነው። ሰኔ ላይ ዝናቡ በጊዜው ገብቶ የተዘራ ገብስ የአበባውን ዘመን ደመናው ሳይገፈፍ ይጨርሳል። ዝናቡ ዘግይቶ ሐምሌ ከተዘራ ግን አበባና እሸቱ ከጠራው ሰማይ ጋር ይገናኛሉ። ሰብሉ በዝናቡ መግቢያና በደመናው መውጫ መካከል ተጣብቆ ነው የሚኖረው። ስለዚህ ዝናብ ሲዘገይ ጉዳቱ በሁለት በኩል ነው፤ በድርቅም በውርጭም።

በአበባ ጊዜ የሚደርሰውን ጉዳት ትንሽ ልዘርዝረው፤ ብዙ ጊዜ የሚሳሳቱበት ቦታ ነውና። ከዜሮ በታች 3 ወይም 4 ዲግሪ የወረደ ሌሊት ዛላውን በቀጥታ ሊገድለው ይችላል። ይህ ጠዋት ይታያል፤ ዛላው ይነጣል። ሌላው ግን ተደብቆ ይቆያል። የአበባ ዱቄት የሚፈጠርበት ሰሞን፣ ዛላው ገና በቅጠሉ ኮፈን ውስጥ ሳለ፣ ዜሮ ያልደረሰ ቅዝቃዜ እንኳ ዱቄቱን ሊያመክነው ይችላል። በሩዝ ላይ በደንብ ተጠንቷል፤ 12 ዲግሪ ብቻ ይበቃዋል። በብርዱ ጊዜ አብሲሲክ አሲድ የተባለው ሆርሞን ይጨምርና ስኳርን ወደ አበባ ዱቄቱ የሚያደርሰውን ኤንዛይም ያዳክመዋል። ዱቄቱ በረኃብ ይመክናል። ማሳው አረንጓዴ ነው፣ ዛላው ቆሟል፣ ማንም ምንም አያይም። በመከር ሲወቃ ግን ገለባ ብቻ ይሆናል። በዚህ ጊዜ ዘሩ ይወቀሳል፣ ማዳበሪያው ይወቀሳል፣ አንዳንዴም ገበሬው ራሱ ይወቀሳል። ያ አንድ ሌሊት ግን በማንም መዝገብ ላይ የለም።

ድንች የራሱ ጉዳይ አለው። ወደ ኢትዮጵያ ያስገባው ጀርመናዊው የዕፅዋት አጥኚ ቪልሄልም ሺምፐር ነው፤ ዘመኑ እ.ኤ.አ. 1858 እንደሆነ ይነገራል። በምኒልክ ዘመን ክፉ ቀን እህል ሲጠፋ መስፋፋት ጀመረ፤ ዛሬ የጉና ዙሪያ ደጋ፣ ከጋሳይ እስከ ላይ ጋይንት፣ ያለ ድንች አይታሰብም። ከአዴት የግብርና ምርምር ማዕከል የወጣው ጓሳ፣ ከሆለታ የወጣው በለጠ የተባሉ ዝርያዎች ስማቸው የታወቀ ነው። ይሁንና የምንዘራው የድንች ዓይነት ለብርድ መዘጋጀት አያውቅም። ሲቢኤፍ አለው፤ ይነሣልም፤ ከሥሩ የሚነሡት ሠራተኞች ግን ጥቂት ናቸው። ከዜሮ በታች 3 ዲግሪ ገደማ ላይ ይሞታል። የደቡብ አሜሪካው የዱር ዘመዱ ሶላነም ኮመርሶኒ ግን ብርዱን ሲለምደው እስከ 10 ዲግሪ ከዜሮ በታች ይችላል። ሁለቱን ማዳቀል አስቸጋሪ ነው፤ የክሮሞዞም ብዛታቸው አይመጣጠንም፤ ቢሳካም የዱሩ መራራነት አብሮ ይመጣል። ስለዚህ ለጊዜው የድንች መድኃኒት የመትከያ ጊዜው ነው። የበልግና የክረምት ድንች ከውርጭ ውጭ ያድጋል፤ በመስኖ በኅዳርና በታኅሣሥ የሚተከለው ግን ቅጠሉን ይዞ ውርጩ መካከል ይገባል።

ጤፍ፣ ማሽላና በቆሎ ወደ ላይ የማይወጡበትን ምክንያት በአጭሩ ልንገራችሁ። ሦስቱም ምግባቸውን የሚያበስሉበት መንገድ ለሙቀት አገር የተሠራ ነው። በዚያ መንገድ ውስጥ ያለ አንድ ዋና ኤንዛይም አራት ክፍሎቹ ተያይዘው የሚሠራ ሲሆን፣ ቅዝቃዜው ከ12 ዲግሪ ገደማ ሲወርድ ክፍሎቹ ይለያያሉ። ተክሉ ውርጭ ሳይነካው ቢጫ ሆኖ ይቆማል። በአንጻሩ ጤፍ በእኛው ዘመን ጥናት ተደርጎበታል፤ ዶክተር ዘሪሁን ታደለ ያሉበት የበርን ዩኒቨርሲቲ ቡድን እ.ኤ.አ. በ2014 የዘረመል ንባቡን አሳትሟል። ስለዚህ ብርድ የሚችል ጤፍ ፈልጎ ማግኘት ዛሬ ከትናንት ይቀላል።

ከዚህ ሁሉ የምደርስበት ፍርድ ይህ ነው። «ውርጭ የሚችል» ተብሎ ከአውሮፓ የሚመጣ የገብስ ዘር ለጋይንት አይበጅም። ያ ዘር የሚችለው የታኅሣሥን በረዶ በቡቃያነቱ ነው፤ አበባው ከእኛው ገብስ የተሻለ የሚችልበት ምክንያት የለም። በዚያ ላይ የሚጠብቀውን ረጅም ብርድ ካላገኘ ሣር ሆኖ ይከርማል። እኛን የሚመስለው የአውስትራሊያ ችግር ነው፤ እዚያም ስንዴና ገብስ የሚመቱት በአበባ ጊዜ ስለሆነ ተመራማሪዎቹ ዝርያዎችን የሚለኩት በአበባቸው ሰሞን ውርጭ ሜዳ ላይ አቁመው ነው። እኛም እንዲያ ማድረግ አለብን።

የሚፈተነው ዘር ደግሞ ሩቅ አይደለም። ሩሲያዊው ኒኮላይ ቫቪሎቭ እ.ኤ.አ. በ1927 ኢትዮጵያን ጎብኝቶ በገብሳችን ብዝኃነት ተደንቆ ሄዷል። ከዚያ ወዲህ የአሜሪካ ገብስ ቢጫ ድንክ ከተባለው ቫይረስ የዳነው፣ የአውሮፓም ገብስ ከነጭ ሻጋታ በሽታ ያረፈው ከኢትዮጵያ ገብስ በተወሰዱ ጂኖች ነው። በአዲስ አበባ የኢትዮጵያ ብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ከ1976 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የተሰበሰበ ብዙ የገብስ ዘር ይዟል። ከፈረንጅ በፊት እኛ ራሳችን ያልጠየቅነው ጥያቄ በዚያ ዘር ውስጥ መልስ ሊኖረው ይችላል፦ በጥቅምት ሌሊት አብቦ ፍሬ የሚይዝ የትኛው ነው? ቶሎ ደርሶ ከውርጩ የሚያመልጥም አንድ መንገድ ነው፤ ግን ቶሎ የደረሰ ገብስ ምርቱ አነስተኛ ነው። ገበሬው ሁለቱን ቢዘራ፣ ለረባዳው ቶሎ ደራሹን፣ ለተዳፋቱ ዘግይቶ ደራሹን ቢሰጥ፣ እኔ የማውቀው ሳይንስ የሚቃወመው ነገር የለም።

ለዚህ ሁሉ የሚጎድለን ትልቅ ላቦራቶሪ አይደለም፤ ማስታወሻ ነው። የግብርና ባለሙያዎች፣ መምህራን፣ ልጆቻችሁን ወደ ደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ የላካችሁ ወላጆችም፦ የሌሊቱን ዝቅተኛ ሙቀት የሚይዝ ርካሽ ቴርሞሜትር በየቀበሌው በገብሱ ዛላ ቁመት ይሰቀል፤ አንዱ በተዳፋቱ፣ አንዱ በረባዳው። ውርጭ በጣለ ጠዋት ሦስት ነገር ይጻፍ፦ ቀኑ፣ ዲግሪው፣ ሰብሉ ያለበት ዕድሜ። ከመስከረም አጋማሽ እስከ ጥር መጨረሻ መመዝገብ ይበቃል። ዘንድሮ ከንፋስ መውጫ፣ ከአርብ ገበያ፣ ከወገዳና ከመካነ ኢየሱስ ዙሪያ ጀምሩ፤ መዝገቡንም ለአዴት የምርምር ማዕከል አድርሱት።